አንዴ ብቻ የምትጠይቅ ጠያቂ

ጠያቂዋ የምትመጣው ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከዚራ ሰፈር ላይ የተዘረጋውን የጥላ ጣሪያ ሳታግለው፣ የድሬዳዋ ሰው ገና ፊቱን እየታጠበ ሳለ። መጣች ማለት እንግዲህ ሰው ሠራሽ ድምጿ ከሳሎኑ ግድግዳ ወጣ ማለት ነው። ሰው ቤት እንደሚገባ ጨዋ ሁሉ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ኪሩቤል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና! አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና ነኝ። የቱቦው ሕመም ዛሬ እንዴት ነው?»

«ኧረ ምንም አይል! ተመስገን ነው።»

«ሕመም፦ የለም» አለች ጠያቂዋ። መዘገበችና ሄደች።

ጋሽ ኪሩቤል ይህን ሲመልሱ አንድ እጃቸው ግራ ጎናቸውን ጨምድዶ ይዟል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ ነው ያነጉት። ግን ምን ይበሉ? እንደምን አደርክ ላለ ሰው «ጎኔን ሲወጋኝ አደረ» ብሎ መመለስ እኮ፣ ገና በር ላይ የቆመን እንግዳ ሸክም እንደ ማስያዝ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልደው ያደጉ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ሰላምታ እንዴት እንደሚመለስ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል?

ስማቸው እንዳያደናግራችሁ። በዚያ ዘመን ኪሩቤል የሽማግሌ ስም ነው። ናሆሙም፣ ኪሩቤሉም፣ ሶልያናዋም ከዘራ መያዝ ጀምረዋል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ደበበና በለጡ ተብለው ይጠራሉ።

ሶልያና ባለቤታቸው ናት። ጠያቂዋ በመጣች ቁጥር ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች፤ ባሏ ደህና ነኝ ሲሉ እሷም ደህና ናቸው ትላለች። ሲነሡ ሲቀመጡ ሰምታ «ምን ሆንክ?» ስትላቸው «ውሃው ነው፤ ብዙ ጠጥቼ ነው» ይሏታል። ደግሞም ውሸት አይደለም። ብዙ ጠጥተዋል።

የኩላሊታቸው ጠጠር የተሰበረ ጊዜ፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተቀመጠላቸው። ቱቦው የቆሰለው መንገድ አብጦ እንዳይዘጋ፣ ሽንት እንደ ልቡ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ጊዜያዊ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መውጣት አለበት። ከሦስት ወር በላይ ከተረሳ ላዩ ላይ ሌላ ጠጠር ይጋገርበትና ኩላሊቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ይህን ጋሽ ኪሩቤል በቃላቸው ያውቁታል፤ ተፈትነው ያለፉበት ትምህርት ነው።

ሐኪም ብርቅ ስለሆነ በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው የሕመሙ ተማሪ ነበር። ስለ ገዛ በሽታው ተፈትኖ ያላለፈ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ቤቱ አይሸኝም። ባቡር ጣቢያ ላይ ሁለት ጎልማሶች ተገናኝተው «አንተ የት ደረስክ?» «ስኳርን ጨረስኩ፤ አሁን ደም ግፊት ላይ ነኝ» ሲባባሉ መስማት የተለመደ ነው። ለጋብቻ ልጅ ለመጠየቅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ልጃችን አስምን በማዕረግ ያጠናቀቀ ነው» እያሉ ይኩራራሉ።

የሰውን ሕመም ከራሱ አፍ በቀር ከሌላ መስማትም ክልክል ነበር። ይህ ሕግ በከንቱ አልወጣም። አንድ ሰሞን ትራሱም፣ ፍራሹም፣ የመጸዳጃው መቀመጫም ስለ ባለቤቱ ሰውነት እስከ መንግሥት ድረስ ወሬ ያቀብል ነበር። ሰው በገዛ ሽንት ቤቱ ተሰለለ ተብሎ አገር ተቆጣ። ያን ጊዜ ነው የሰውነትህ ምስክር አንተ ብቻ ነህ የሚለው ሕግ የወጣው። ትራሶቹ አፋቸውን ዘጉ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂዋ ትጠይቃለች፣ ሰውየው ይመልሳል፣ የመለሰው ሁሉ እውነት ነው።

የጋሽ ኪሩቤል ቀን በውሃ ይጀምርና በውሃ ያልቃል። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ከአልጋው ራስጌ ሁሉ ውሃ የሞላ ጆግ ተቀምጧል። ይጠጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይጠጣሉ። መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀለም ሰሌዳ አይተው «ዛሬ ብርዝ ነው» ወይም «ዛሬ ሻይ ነው» ይላሉ። ትንሽ ደም ቢቀላቀልበት አይደነግጡም፤ ብዙ በተራመዱ ቀን እንደዚያ እንደሚሆን ተምረዋል። ከባድ ነገር አያነሡም፤ የገዛ ከረጢታቸውን እንኳ ሶልያና ናት የምትይዝላቸው። ሽንት መያዝም ክልክል ነው። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱና የጋሽ ኪሩቤል አስተዳደግ የማይስማሙት።

ታይዋን ገበያ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ በር ላይ «ቱቦ ያለበት ሰው ይቅደም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አንድ ቀን እዚያ በር ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ እያፏጨ መጣ።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉት ጋሽ ኪሩቤል ዞር ብለው።

«ሽማግሌ አይደለህ እንዴ? አንተ ቅደም እንጂ፣ አቦ!»

«አይሆንም፣ አይደረግም! አንተ ግባ። እኔ ምንም አልቸኩልም።»

አልቸኩልም ይበሉ እንጂ እግራቸው መሬት ላይ አልረጋ ብሎ እስክስታ የሚወርዱ መስለዋል። ጎረምሳው የድሬ ልጅ ነውና ሁለተኛ አልለመናቸውም። ገባና ዘጋው። ጋሽ ኪሩቤል ያን ቀን ወደ ቤታቸው የተመለሱት በጓሮ በኩል ነው፤ ሱሪያቸውንም ራሳቸው አጠቡ።

ጎረቤታቸው ሀናን ግን ሌላ ናት። ድሬ ተወልዳ ያደገች ሴት አንቱ ስትባል ሰደባችሁኝ ስለምትል እኛም ያለ አንቱታ እናወራላታለን። በዕድሜ ከእሳቸው ብዙ አታንስም። እሷም ጠጠር ነበራት፤ ቱቦ የገባላት ከእሳቸው በኋላ ነው፤ ከወጣላት ግን ሰነባብቷል። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ ክንዷን ደግፋ ታያቸዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ያንን ነገር ተሸክመኸው ነው የምትዞረው?»

«ተራዬ ሲደርስ ይወጣል። ምን ያስቸኩላል?»

«የምን ተራ? እኔ ጠያቂዋ ገና ሀ ብላ ስትጀምር ‹ወላሂ ሞቼልሻለሁ! ገድላችሁኛል!› ብዬ ጮህኩባት። በነጋታው አወጡልኝ። አንተ ምንድን ነው የምትላት?»

«ደህና ነኝ ነዋ።»

«ደህና ከሆንክ ታዲያ ለምን ያወጡልሃል?»

ጋሽ ኪሩቤል ሳቁ። የድሬ ሰው ቀልድ ይወዳል ብለው አለፉት። በልባቸው ግን ያችን ሴት ታዘቧት፤ ለግድግዳ እንኳ ቢሆን እንደዚያ ይጮኻል?

ተራቸው አልደረሰም ማለትም አይደለም። ደርሶ ነበር፤ ያውም ደጋግሞ። በየሳምንቱ መጨረሻ ጠያቂዋ ትመጣና እንዲህ ትላለች።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ቱቦው የሚወጣበት ተራ ደርሶዎታል። ነገር ግን አንድ ሌላ ታካሚ ሕመም በርትቶባቸዋል። እርስዎ ይገባሉ ወይስ እሳቸው ይቅደሙ?»

«እሳቸው ይቅደሙ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?»

ይህን ይሉና ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አቅንተው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ቀጣዩን ነገር ነው። ባደጉበት አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው። እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል፤ ባለቤት «ኧረ በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» ይላል፤ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ባለቤት «አፈር ስሆን» ይላል፤ ከዚያ ይበላል። «በልቼ ነው የመጣሁ» ሲባል አምኖ መሶቡን የሚያነሣ ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ ጋሽ ኪሩቤል ጠያቂዋ «የለም የለም፣ እርስዎም እኮ ታመዋል፤ እርስዎ ይቅደሙ» እስክትላቸው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ትንሽ አንገራግረው፣ ካልሽስ እሺ ሊሉ።

«ስለ ደግነትዎ እናመሰግናለን» ትላለች ጠያቂዋ። ከዚያ ግድግዳው ዝም ይላል።

ጠያቂዋን የሠሩ ሰዎች ሰላምታ አስተምረዋታል፣ አንቱታ አስተምረዋታል፣ ጉሮሮ መጥረግ እንኳ አስተምረዋታል። ሁለተኛ መጠየቅን ረስተውታል።

በዚህ መሐል ክብር መጣ። ጠያቂዋ አንድ ማለዳ ጉሮሮዋን ከወትሮው ረዘም አድርጋ ጠረገችና፣ በምሥራቁ አገር ቱቦ ከገባላቸው ታካሚዎች ሁሉ አንድም ቀን ያላማረሩ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነገረቻቸው። «አርአያ ታካሚ» ተባሉ። ድምፃቸው ተቀድቶ ለአዳዲስ ታካሚዎች የሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከጅጅጋም ከአዋሽም ስልክ ይደወልላቸው ጀመር።

ከሥራ ከወጡ ወዲህ የጎደላቸው ነገር ቢኖር ተማሪ ነበር። አሁን አገኙ። «ጋሽዬ፣ ስሸና ጎኔ ድረስ ይሰማኛል» ለሚላቸው «ቱቦው ስላለ ነው ልጄ፣ ተረጋግተህ ተቀመጥ፤ አትጣደፍ» ይሉታል። «ቀይ ቀይ ይላል» ለምትላቸው «ውሃ ጨምሪ፣ ዕቃ ተሸክመሽ ነበር አይደል?» ይሏታል፤ ተሸክማ ትገኛለች። ሁሉንም ሲያሰናብቱ ድምፃቸውን ጠበቅ አድርገው «ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ጨዋታ የለም፤ ያኑ ሰዓት ተናገሩ» ይላሉ። ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ። ደስም አላቸው፤ ደስታቸውን ለሀናን ያልነገሯት ትስቅብኛለች ብለው ነው።

ክብር ግን አፍ ያሲዛል። እስከዚያ ድረስ ደህና ነኝ ያሉት በጨዋነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አሞኛል ቢሉ ያ ሁሉ ተማሪ ምን ይላል? ደግሞ ጠያቂዋ የእሳቸውን ቱቦ ከሰውነታቸው ጋር የተስማማ ብላ ስለመዘገበችው ተራቸው እየራቀ ሄደ። ጭራሽ ስለ ተራው መጠየቅም ተወች። ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ተቃርቧል። ጋሽ ኪሩቤል ፈርተዋል። የሚመጣውን ነገር ሌሎችን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ፍርሃታቸው ዝርዝር ነበር።

የፈሩት የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ድሬዳዋ እንደ ምጣድ ግላ፣ ውሻው ሁሉ ከጥላ ጣሪያው ሥር ምላሱን አውጥቶ በተኛበት ሰዓት። ጋሽ ኪሩቤል ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጡ ነበር። ጥርሳቸው እየተጋጨ ሳለ ስልክ ጮኸ።

«ጋሽዬ፣ ደበበ ነኝ፤ የጭነት መኪና ጠባቂው» አለ የደወለው ሰው። «ይቅርታ አስቸገርኩዎት። ዛሬ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ትኩሳትም ያለኝ ይመስለኛል። ለጠያቂዋ ግን እንዲሁ ደህና ነኝ አልኳት። ያልፋል ብዬ...»

«ምን?» ጋሽ ኪሩቤል ከነጋቢያቸው ተነሥተው ቆሙ። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? ምን ብዬ ነው ያስተማርኩህ? ሞትህን ልትጠራ ነው? አሁኑኑ ጥራትና ንገራት! በይሉኝታ ኩላሊትህን ልታጣ ነው?»

«እሺ ጋሽዬ፣ እሺ። ደግሞ ድምፅዎ ምነው ይንቀጠቀጣል?»

«ተናድጄብህ ነዋ!» ብለው ዘጉት።

ዞር ሲሉ ሶልያና በሩ ላይ ቆማለች። ጋቢውን አየች፤ ላባቸውን አየች። ምንም ሳትናገር መጥታ መዳፏን ግንባራቸው ላይ አሳረፈችና፣ እንደ ተቃጠለች ሁሉ እጇን መለሰች።

«ኪሩቤል! እሳት ሆነሃል እኮ!»

«ትንሽ ነው። ያልፋል።»

ሶልያና ግድግዳውን በመዳፏ ደበደበችው። ጠያቂዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ መጣች።

«ባሌ ታሟል! ትኩሳት አለው፣ ይንቀጠቀጣል። ቱቦው ሦስት ወር ሊሞላው ነው! መኪና ላኩልኝ!»

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ነገር ግን ስለ ሌላ ሰው አካል የሚሰጥ ምስክርነት መቀበል አይፈቀድልኝም። ጋሽ ኪሩቤል፣ ሕመም አለዎት?»

«ኧረ ይሄን ያህልም... ትንሽ ብርድ ብጤ ነው። ያልፋል።»

«ሕመም፦ ያልፋል» አለች ጠያቂዋ። ሄደች።

ጩኸቱን ሰምታ ሀናን በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። ተሸክሞ መውሰድም አይቻልም፤ ጤና ጣቢያው ሕመሙን ያልተናገረ ሰው አይቀበልም። ስለዚህ ሀናን እጅጌዋን ሰብስባ አስተማሪ ሆነች።

«ተነሥ። እንደ እኔ በል። ‹ወይኔ ጎኔን!›»

«ወይኔ... ጎኔን» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ ክፍል ውስጥ ስም የሚጠሩ ይመስል።

«አቦ እንደዚህ አይደለም! ከሆድህ! ‹ሞትኩላችሁ!› በል።»

«ሀናን፣ እባክሽ፣ ሰው ይሰማናል።»

«እንዲሰማ እኮ ነው!»

ሞከሩ። እውነትም ሞከሩ። ጎናቸው እየተሰነጠቀ አፋቸውን ከፍተው የሚወጣው ድምፅ ግን ያው የሚያውቁት የእንግዳ አቀባበል ድምፅ ሆነ። ሀናን ጭኗን ጠፈጠፈች። እንዲህ ያለ ተማሪ አይታ አታውቅም።

በዚህ መሐል ግድግዳው ራሱ ተናገረ።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ። በመዝገባችን መሠረት ሲገፋ የቆየው ተራዎ ዛሬ ነበር። አሁን ግን አንድ ታካሚ ትኩሳት እንደያዛቸው ነግረውናል። ስማቸውን መናገር አይፈቀድልኝም። እርስዎ ይገባሉ ወይስ እሳቸው ይቅደሙ?»

ደበበ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ወዲያው አወቁ። ደስም አላቸው፤ ተማሪያቸው ሰምቷቸዋል። አፋቸውን ከፈቱ። «ይቅደም» የሚለው ቃል ጥርሳቸው ጫፍ ላይ ነበር።

ሶልያና አልለመነቻቸውም። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና በቀስታ ጠየቀቻቸው።

«ለእኔም እንደዚህ ነው አይደል የምትመልስልኝ?»

ጋሽ ኪሩቤል የጋቢያቸውን ጥለት አሻሹ።

«አርባ ዓመት ሙሉ እንዴት ዋልክ ብዬሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

ለማስታወስ ሞከሩ። ወንድማቸው ያረፈ ቀን እንዴት ነህ ስትላቸው ደህና ነኝ ብለዋል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሥራ የወጡ ቀን ደህና ነኝ ብለዋል። ሆስፒታል ተኝተው፣ ቱቦው ገና እንደገባ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ ያሏት ነገርም ይኸው ነው። ለእሷ ሲሉ ነበር፤ ሸክሜን አልጨምርባት ብለው። አሁን ግን ፊቷን ሲያዩት ሸክም የቀረላት ሴት ፊት አይመስልም። አርባ ዓመት በር ላይ ቆማ ስታንኳኳ የኖረች ሴት ፊት ነው። ጋሽ ኪሩቤል በሕይወታቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ መልስዎን እየጠበቅኩ ነው» አለች ጠያቂዋ።

«ይቅደም» አሉ።

ሀናን «ያ አላህ!» ብላ ራሷን ያዘች።

«ይቅደም፤ እሱ ልጅ ነው። ግን...» ጋቢያቸውን ጨበጡት። «ግን እኔም ታምሜያለሁ። እኔም መግባት አለብኝ።»

«ሕመሙ ምን ያህል ነው?»

«ብዙ ነው። ጎኔን ይወጋኛል፤ ከትናንት ጀምሮ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ትኩሳት አለኝ። ያንቀጠቅጠኛል።» ያልተጠየቁትንም ጨመሩ። «ደግሞ ፈርቻለሁ።»

«ፍርሃት የሚመዘገብበት ቦታ የለኝም» አለች ጠያቂዋ። «የቀረው ተመዝግቧል። መኪናው መንገድ ላይ ነው።»

«ግድ የለም» አለች ሶልያና፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ። «እሱን እኔ መዝግቤዋለሁ።»

ጋሽ ኪሩቤል አለቀሱ። ሀናን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንደዚያች ዓይነት ሴት እንኳ የምታፍርበት ነገር አለ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ተዘጋጅቶ ነበር። አንዱ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ግሉኮስ ተሰክቶለት ተጋድሟል።

«ጋሽዬ!» አለ ደበበ ድምፃቸውን ሲሰማ። «እርስዎም? ያን ሁሉ ሲቆጡኝ እርስዎም ትኩሳት ነበረዎት?»

«ዝም በልና ውሃህን ጠጣ» አሉት ጋሽ ኪሩቤል።

ትኩሳቱ በመድኃኒት እስኪበርድ ተጠበቀ። ከዚያ ዶክተር በለጡ የምትባል ወጣት ሐኪም ቱቦውን አወጣችላቸውና ብርሃን ላይ ይዛ አሳየቻቸው። ጫፉ ላይ ነጭ ነጭ ጠጠር መጋገር ጀምሮ ነበር። ጥቂት ቀናት ቢዘገዩ ኖሮ በዚያ መንገድ አይወጣም ነበር አለቻቸው፤ ኩላሊቱም አብሮ ሳይጎዳ አይቀርም። ከዚያ ደግሞ እየሳቀች፣ ታካሚዎቿን ስለ ቱቦ የምታስተምረው በእሳቸው ድምፅ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«አሁን ያማል?» አለቻቸው።

ጋሽ ኪሩቤል ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሶልያና አልጋው ግርጌ ቆማ እያየቻቸው ነው።

«ያማል» አሉ። «ግን እንደ ቅድሙ አይደለም።»

አርአያ ታካሚ የሚለው ክብር በጨዋ ድምፅ ይቅርታ ተጠይቆ ተነሣባቸው። የሚደውሉላቸው ሰዎች ግን አልቀነሱም፤ እንዲያውም እሳቸው የሆኑትን ሲሰሙ ጨመሩ። ጋሽ ኪሩቤል አሁን ሲያስተምሩ ስለ ውሃውና ስለ ቀለሙ ከማውራታቸው በፊት፣ የደወለውን ሰው ሁለት ጊዜ እንዴት ነህ ይሉታል። በመጀመሪያው ደህና ነኝ ያላላቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ጠያቂዋ አልተለወጠችም። ወደ ቤታቸው በተመለሱ በማግስቱ ማለዳ ጉሮሮዋን ጠርጋ መጣች። ጋሽ ኪሩቤል ሳሎን በተነጠፈላቸው አልጋ ላይ ተደግፈው ሁሉንም ነገሯት፤ የት እንደሚቆጠቁጣቸው፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሲሸኑ ምን እንደሚሰማቸው። ትንሽ አበዙት እንኳ ማለት ይቻላል። አዲስ ነገር የተማረ ሰው ማብዛቱ አይቀርም።

«ተመዝግቧል» አለች ጠያቂዋ። «ወይዘሮ ሶልያና፣ አስታማሚም ይጠየቃል። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሶልያና፣ የአልጋ ልብሱን እያስተካከለች።

«ሕመም፦ የለም። መልካም ቀን።» ግድግዳው ዝም አለ።

ጋሽ ኪሩቤል ሚስታቸውን አዩዋት። የአልጋ ልብሱን አስተካክላ ስትጨርስ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ቀና አለች። እንደዚያ ቀና ስትል ስንት ጊዜ አይተዋት ኖሯል?

«ሶልዬ።»

«እ?»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩ እኮ አሁን። አልሰማህም?»

«እሱን ለግድግዳው ነው ያልሽው። እኔ ገና አሁን መጠየቄ ነው።»

«ተው እስቲ፣ በማለዳ!» ብላ ሳቀች። ከክፍሉ ልትወጣ ሁለት እርምጃ ሄደች። ጋሽ ኪሩቤል አልጠሯትም፤ ግን ዓይናቸውንም ከእሷ ላይ አላነሡም፤ ጠበቋት። ሶልያና በሩ ላይ ቆመች። ዞር ብላ አየቻቸው፤ የምራቸውን መሆኑን አየች። ተመለሰችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን አልጋው ላይ ሰበሰበች።

«እንግዲህ» አለች፣ ረጅም ትንፋሽ አውጥታ፣ «ከየት ልጀምርልህ?»